ለደንበኞቻችን፦ ዊትቢን ለምን ኦገስት ላይ ብቻ ትጠይቁናላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ከረማችሁ?

በስልክ ለእያንዳንዱ ሰው ከምናስረዳ አንዴ ጽፈን ብንልክላችሁ ይሻላል ብለን ነው። ነገሩ እንግሊዝ አገር ባሕር ዳር ባለችው ዊትቢ ለእረፍት የምናገኝላችሁ ኮቴጆች (ትንንሽ የኪራይ ቤቶች) ጉዳይ ነው። ከለንደንም ከሊድስም ከሸፊልድም ስትደውሉ መጀመሪያ የምትሉን "ኦገስት ላይ ቤት አለ?" ነው፣ ዋጋውን ስንነግራችሁ ደግሞ "ኧረ በስማም፣ ምነው እንዲህ ተወደደ?" ትላላችሁ። የሁለቱም መልስ አንድ ነው። ከጁላይ መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቤቶቹ ያው ናቸው አይጨምሩም፣ ግማሹ ዮርክሸር ከነልጁ ከነውሻው እዛች ትንሽ ከተማ ላይ ይወርዳል፣ የቤት ባለቤቶቹም ዊንተር ላይ ያጡትን የሚያካክሱት ያኔ ስለሆነ ዋጋውን ይሰቅሉታል። እኛ ኮሚሽን ጨምረን አይደለም። ያው ቤት ያው አልጋ ጃንዋሪ ላይ ከግማሽ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ።

ቤቶቹ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። እኛ ሃበሾች ደግሞ የራሳችን የበዓል ካላንደር ስላለን ፈረንጁ በማይመጣበት ጊዜ መሄድ ከማንም በላይ ይመቸናል፣ ይሄን ሳትጠቀሙበት ከሁሉም ጋር ኦገስት ላይ ስትጋፉ እናያለንና ነው ደብዳቤው።

ዊትቢን ለማታውቋት፣ ሰሜን ዮርክሸር ውስጥ ኤስክ የሚባለው ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ ላይ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ወንዙ ለሁለት ይከፍላታል፣ መሃል ላይ ጀልባ ሲመጣ ዞሮ የሚከፈት ድልድይ አለ። በምሥራቅ በኩል አሮጌው ከተማ ነው፣ ጠባብ መንገድ፣ ቀይ ጣራ፣ ከዛ 199 ደረጃ ወጥታችሁ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንና የፈረሰው ገዳም። በምዕራብ በኩል ዌስት ክሊፍ ይባላል፣ ባቡር ከገባ በኋላ በቪክቶሪያ ዘመን ለእረፍት ለሚመጣ ሰው የተሠሩ ትልልቅ ቤቶች ያሉበት፣ ከዓሣ ነባሪ አጥንት የተሠራው ቅስትና የካፒቴን ኩክ ሐውልት እዛ ነው ያለው። ኩክ መርከበኝነት የተማረው እዚህ ነው፣ አውስትራሊያ የሄደባት መርከብ ኢንዴቨርም የተሠራችው እዚሁ ነው።

እኛን የሚገርመን ግን ገዳሙ ነው። በ657 ሂልድ የምትባል ከንጉሥ ዘር የሆነች መነኩሲት መሠረተችው፣ ወንድ መነኮሳትም ሴት መነኮሳትም ያሉበት ገዳም ሆኖ ሁሉንም የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። በ664 ታዲያ እዚህ ቦታ ላይ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ፣ አጀንዳው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፋሲካ መቼ ይዋል የሚል! ንጉሡ ኦስዊዩ በአየርላንድ መነኮሳት አቆጣጠር ነው የሚሄደው፣ ንግሥቲቱ ኢያንፍሌድ ደግሞ ከኬንት የመጣች ስለሆነች የሮማን ትከተላለች፣ እና ቤዳ የሚባለው መነኩሴ እንደጻፈው አንዳንድ ዓመት ንጉሡ ጾሙን ፈቶ ፋሲካ ሲበላ እሷ ገና ጾም ላይ ሆና ሆሳዕናን ታከብር ነበር። በአንድ ቤት! በመጨረሻ ንጉሡ ለሮማ ፈረደ። ሥራ ቦታ ሰዎቹ የቸኮሌት እንቁላል እየበሉ ሽሮ ከፍተን የምንቀመጥ ሰዎች ንግሥቲቱን በደንብ እንረዳታለን። (አሁን የምታዩት ፍርስራሽ የሂልድ ጊዜ ሕንፃ አይደለም፣ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተሠራው ነው፣ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማትን ሲዘጋ እሱም በ1539 ተዘጋ፣ በ1914 ዲሴምበር ደግሞ የጀርመን መርከቦች ደብድበውታል።)

የፋሲካ ነገር ከተነሳ እንግዲህ የ2027ን እንይ። የፈረንጆቹ ማርች 28 ነው፣ የእኛ ሜይ 2። ዐቢይ ጾም የሚገባው ማርች 8 ነው፣ ስለዚህ የኢስተር የትምህርት ቤት እረፍት እንዳለ ጾማችን ውስጥ ይወድቃል። መሄድ አትችሉም አላልንም፣ ግን ይሄን እወቁ፦ ዮርክሸር ውስጥ ብዙ የፊሽ ኤንድ ቺፕስ ቤቶች የሚጠብሱት በዘይት አይደለም፣ በበሬ ሞራ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እንተወው፣ እዛ ግን ድንቹ ራሱ ፍስክ ነው። ሙስሊም ደንበኞቻችንም ሞራው ሐላል ስለማይሆን ልጆቻችሁ "ቺፕስ ብቻ ነው እኮ" ቢሏችሁም ጠይቁ። በአትክልት ዘይት የሚጠብሱም አሉ፣ "በምንድነው የምትጠብሱት?" ብሎ መጠየቅ እዛ ነውር አይደለም፣ ለምደውታል።

ተማሪ ልጅ ላላችሁ ለ2027 እኛ የምንመርጥላችሁ የሜይ መጨረሻውን ሃፍ ተርም (በተርሙ መሃል ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ሳምንት) ነው። ሜይ 31 ሰኞ ባንክ ሆሊደይ ነው፣ ያ ሳምንት በዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሆነ ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም፣ ማታ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ (በእንግሊዝ 9 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው) ብርሃን አለ፣ ልጆች አልጋ አልገባም ብለው ያስቸግሯችኋል እንጂ። ዋጋው ከተራው ሳምንት ይጨምራል ምክንያቱም ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ከኦገስት ግን ያንሳል።

ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ለሌላችሁ ወይም ልጆቹ ገና ሕፃናት ለሆኑላችሁ ደግሞ ያለ ምንም ማመንታት ሴፕቴምበር። የሰሜን ባሕር ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው፣ ሰመሩን ሙሉ ሲሞቅ ከርሞ ከሁሉም የሚሻለው ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ነው። የሚሻለው ማለት ወደ 15 ዲግሪ ማለት ነው፣ ሶደሬ መስሏችሁ ዘላችሁ እንዳትገቡ። እንቁጣጣሽ በ2026 ሴፕቴምበር 11 ዓርብ ቀን ስለሚውል ዓርብ ገብቶ ሰኞ መውጣት ይቻላል፣ ኦገስት ላይ አብዛኛው ባለቤት ከሳምንት በታች አያከራይም፣ ሴፕቴምበር ላይ ግን ሦስት ሌሊትም ይሰጣሉ።

ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስቀርተን እንሂድ የምትሉንም አላችሁ። የእናንተ ውሳኔ ነው፣ ግን እንግሊዝ ውስጥ ልጁ ያለ ፈቃድ 5 የትምህርት ቀን ያህል ከቀረ ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ወላጅ በእያንዳንዱ ልጅ 80 ፓውንድ ነው፣ በ21 ቀን ካልተከፈለ 160 ይሆናል። አባትና እናት ሁለት ልጅ ይዘው ሲሄዱ 320 ማለት ነው፣ ከኦገስት ሸሽታችሁ ያተረፋችሁት ብዙው እዛ ያልቃል።

ዊንተሩን በተመለከተ ሳንሸፋፍን እንንገራችሁ። ዲሴምበር ላይ ከሰዓት በኋላ በእንግሊዝ 4 ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፣ ንፋሱ ፊት ይገርፋል፣ ከተማው ውስጥ ግማሹ ካፌ ሰዓት ይቀንሳል ወይም ይዘጋል፣ ገዳሙም ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚከፈትበት ጊዜ ስላለ ሳትነሱ ቀኑን እዩ። ወደ ፒከሪንግ የሚሄደው የድሮው የእንፋሎት ባቡርም ጃንዋሪ ላይ ያርፋል። ከሚድልስብሮ የሚመጣው ተራው ባቡር ግን ዊንተርም ይሠራል፣ ከዮርክ የሚመጣው አውቶቡስም እንደዛው። ታዲያ ለምን ይኬዳል? ማዕበሉ ወደቡ ግንብ ላይ ሲሰበር ለማየት፣ እሳት አንድዶ ለመቀመጥ፣ ማንም ሳይረብሽ ለመተኛት። ገና በ2027 ጃንዋሪ 7 ሐሙስ ነው፣ ፈረንጁ በዓሉን ጨርሶ ወደ ሥራ ተመልሷል፣ የኮቴጅ ዋጋ ደግሞ በዓመቱ ትንሹ ላይ ነው። ጓደኛሞች ተሰባስባችሁ ዶሮ ወጥ ሠርታችሁ ከባሕሩ ፊት ለፊት ገናን ማክበር የምትፈልጉ ካላችሁ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አናውቅም። ሁሉም ሰው ግን አይወደውም፣ በተለይ ከአዲስ አበባ እናታችሁን አምጥታችሁ ከሆነ ጃንዋሪ ላይ እንዳትወስዷት፣ ትረግመናለች።

የኦክቶበር መጨረሻ አካባቢ ስትጠይቁ ደግሞ ጎዝ ዊኬንድ የሚባል አለ፣ ከየአገሩ ጥቁር የለበሱ ፊታቸውን ያነጡ ሰዎች ከተማዋን ይሞሏታል፣ ቤት ቀድሞ ያልቃል። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ልጆች ግን መጀመሪያ ሲያዩ ሊደነግጡ ይችላሉ።

ሌላ ብዙ ሰው የሚያማርርበት ነገር ጉሙ ነው። ስፕሪንግና ሰመር መጀመሪያ ላይ ባሕሩ ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ሞቃት አየር ሲመጣበት እርጥበቱ ጉም ይሆንና ከተማዋን ይሸፍናታል፣ ሊድስ ላይ ፀሐይ ነው ብለው ፎቶ እየላኩላችሁ እናንተ ጃኬት ለብሳችሁ ትቀመጣላችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ መኪናውን አስነስታችሁ ከባሕሩ ራቅ ብላ ወደ ውስጥ ወዳለችው ጎዝላንድ መንደር ብቅ ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ እዛ ጠራርጎ ይጠብቃችኋል።

ይሄኛውን ግን ቀልድ አታድርጉት። ከሐይቅ ጋር ላደግን ሰዎች ባሕር እየሞላና እየጎደለ እንደሚሄድ ቶሎ አይገባንም። እዛ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ይገለበጣል ማለት ነው፣ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚገፋ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም። ከዊትቢ እስከ ሳንድዘንድ በአሸዋው ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚሆን በጣም ደስ የሚል መንገድ አለ፣ ባሕሩ ሲሞላ ግን አሸዋው ይጠፋና በገደሉና በውሃው መሃል ትቀራላችሁ። የታይድ ሰዓት (ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን) ስልካችሁ ላይ እዩ፣ ባሕሩ እየጎደለ ሳለ ውጡ፣ ችግር ከተፈጠረ 999 ደውላችሁ ኮስትጋርድ (የባሕር ነፍስ አድን) በሉ። ገደሉ ሥርም አትቀመጡ፣ ድንጋይ ይወርዳል።

አሁን ወደ ቤቱ። ቡና! ቤት ውስጥ ቡና ስትቆሉ የጭስ አላርሙ ይጮሃል፣ ዕጣን ስታጤሱም እንደዛው፣ አላርሙን መንቀልም በፎጣ መሸፈንም ክልክል ነው። ግቢ ያለው ቤት ከነገራችሁን እንፈልግላችኋለን፣ ውጪ ቆልታችሁ ውስጥ ታፈላላችሁ። ከሰል ግን በምንም ዓይነት ቤት ውስጥ አታንድዱ፣ እነዚህ ትንንሽ ቤቶች መስኮታቸው ጥብቅ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ። እንጀራና በርበሬ ከየከተማችሁ ይዛችሁ ኑ። ውጪ ስትበሉም ሲጋሉን ተጠንቀቁ፣ ወፍ ነው ብላችሁ ስትንቁት ከእጃችሁ ነጥቆ ይሄዳል።

አሮጌው ከተማ ያሉት ኮቴጆች ፎቶ ላይ በጣም ያምራሉ፣ ደረጃቸው ግን ቀጥ ያለ ነው፣ መኝታው ፎቅ ላይ ነው፣ መኪና በር ላይ አይቆምም። ጉልበት የሚያመው ሰው ካለ ዌስት ክሊፍ ላይ ምድር ቤት መኝታ ያለው እንፈልጋለን። ገዳሙን ለማየትም 199ኙን ደረጃ መውጣት ግዴታ አይደለም፣ ላይ ድረስ በመኪና ይደረሳል። አራት ሰው ለሚያስተኛ ቤት ሰባት ሆኖ መምጣት ግን አይቻልም፣ "ልጆቹ መሬት ይተኛሉ" አትበሉን፣ የእሳት አደጋ ሕግ ነው።

ስለ ከተማው ሰዎችም አንድ ነገር። በ2022 በተደረገ ድምፅ አሰጣጥ ከመረጡት ውስጥ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት አዲስ የሚሠሩ ቤቶች እዛው ለሚኖር ሰው ብቻ ይሁኑ ብለዋል፣ ካውንስሉም ከ2025 ኤፕሪል ጀምሮ በሁለተኛ ቤት (ባለቤቱ በቋሚነት በማይኖርበት) ላይ የካውንስል ታክሱን እጥፍ አድርጎታል። ሰዉ የተማረረው ልጆቹ ቤት መግዛት ስላቃታቸውና ዊንተር ላይ መንደሩ ጨለማ ስለሚሆን ነው፣ እኛም እውነት አላቸው ነው የምንለው። ዓመቱን ሙሉ የሚከራይ ቤት ችግሩን አይፈታም፣ ግን ፌብሩዋሪ ላይ ሄዶ እዛው ዳቦ የሚገዛና እዛው የሚበላ እንግዳ ከኦገስቱ ሰልፈኛ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ስትደውሉ ወይም ዋትሳፕ ላይ ስትጽፉ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ሕፃንና አዛውንት እንዳለ፣ በመኪና ወይስ በባቡር እንደምትመጡ፣ ደረጃ ትችሉ እንደሆነ፣ ከአንድ በላይ ቀን አማራጭ ንገሩን። ዲፖዚት ሳትከፍሉ የስረዛውን ደንብ አንብቡ፣ ከባለቤት ባለቤት ይለያያል። የ2027 ሃፍ ተርምን የምትፈልጉ ከገና በፊት ብትነግሩን ጥሩ ነው፣ ግቢ ያላቸው ቤቶች ጥቂት ስለሆኑ ቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው።