ሴትን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት ሲተረጎሙ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከእንግሊዝኛ ተተርጉመው የሚወጡ ጽሑፎችን ስመለከት ሴትን ለሚገልጹ ልዩ ልዩ ቃላት የሚሰጠው ፍቺ አንድ ዓይነት ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ማሳሰቢያ ልኬያለሁ። «ፊሜል»፣ «ፌሚኒን»፣ «ዉመንሊ» እና «ዉመኒሽ» ሁሉም «የሴት» ወይም «ሴታዊ» እየተባሉ ሲታለፉ የዋናው ጸሐፊ አድናቆት ወይም ንቀት አብሮ ይጠፋል። «ፊሜል» የተፈጥሮ ጾታን የሚያመለክት፣ ለእንስሳም ለዕፅዋትም የሚያገለግል ቃል ነው፤ ቅጽል ሲሆን ነውር የለበትም፣ ሰው ለመጥራት ብቻውን ስም ሆኖ ሲገባ ግን ብዙ ተናጋሪዎች እንደ ማቃለል ይቆጥሩታል። «ፌሚኒን» ማኅበረሰቡ ከሴት የሚጠብቀውን ጠባይና አለባበስ ስለሚናገር ለወንድም ሊነገር ይችላል። «ዉመንሊ» ምስጋና ነው፤ «ዉመኒሽ» በተለይ ለወንድ ሲነገር ዘለፋ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው በጥንድ የተፈጠሩት ቃላት ነገር ነው። «ማስተር» እና «ሚስትረስ» በመነሻቸው ጌታና እመቤት ነበሩ፤ የወንዱ መጠሪያ የአዋቂነት ክብሩን እንደያዘ ሲቆይ፣ የሴቷ ግን በዛሬው አነጋገር ባለትዳር ወንድ የያዛት ውሽማ ማለት ሆኗል። «ገቨርነር» ግዛት ያስተዳድራል፤ «ገቨርነስ» በሰው ቤት ተቀጥራ ልጆች ታስተምራለች። «ስፒንስተር» ፈትል የምትፈትል ሴት ማለት ነበር፤ ኋላ በሕግ መዝገብ ያላገባች ሴት መጠሪያ ሆነ፣ በሰው አንደበት ደግሞ የእኛን «ቆማ ቀር» የሚመስል ስድብ ወጣው። የእንግሊዝና የዌልስ የጋብቻ መዝገብ ይህን ቃል የተወው እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ ነው። ስለዚህ የድሮ ሰነድ የሚተረጉም ሰው «ያላገባች» ማለት ሲበቃው ስድቡን ጨምሮ ባልተጻፈ ነገር ሴትዮዋን ባያዋርዳት መልካም ነው።

አሁን በየሳምንቱ የምታገኙት ችግር ግን ከሴት ስም ፊት የሚቀመጠው «ሚዝ» የተባለው መጠሪያ ይመስለኛል። ኒውዮርክ ታይምስ እንኳ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ሳይቀበለው የቆየው ይህ ቃል የተፈለገው የሴቲቱን ትዳር ላለመናገር ነው። ተርጓሚው «ወይዘሮ» ወይም «ወይዘሪት» ብሎ ሲጽፍ ሴቲቱ ራሷ ልትናገረው ያልፈለገችውን፣ እሱም የማያውቀውን ነገር በግምት ያትማል። በእንዲህ ያለው ቦታ የሙያ ማዕረጓን ከስሟ ፊት ማስቀደም፣ ማዕረግ ከሌላትም ሙሉ ስሟን ብቻ መጻፍ የዝግጅት ክፍሉ ደንብ እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ