አዳኙና ውሻው፦ የታሪክ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ገና ምዝገባ ላይ እያለን መጣና «ቲቸር፣ ኮሚኒዝም ማለት ደርግ ማለት ነው አይደል?» አለኝ። አዎ ብለው ውሸት ነው። አይደለም ብለው ደግሞ ግማሽ ቀን ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው። «እስቲ ዘንድሮ አብረን እናየዋለን» ብዬ ተገላገልኩት። ዓመቱ በዚሁ ተያዘ።

እውነቱን ለመናገር የታሪክ ክበብ በየትምህርት ቤቱ የሚታወቀው ለዓድዋ በዓል ጋሻና ጦር በመያዝ ነው። እኛም ይዘናል፤ የካቲት 23 ቀን ያያችሁን ታውቃላችሁ፣ ጎፈሩ ትንሽ እንደተላጠም አይታችኋል። የቀረውን ረቡዕ ሁሉ ግን ያሳለፍነው አሜሪካ ነው። ብዙዎቹ ልጆች መጀመሪያ ግራ ገባቸው። «አሜሪካ ውስጥ ኮሚኒስት ነበር እንዴ?» የመረጥኩት ለዚሁ ነው። ሩሲያን ወይም ቻይናን ብንወስድ ወሬው ወዲያው ስለ መንግሥት ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ግን ኮሚኒስቶች ሥልጣን ይዘው አያውቁም። ትንሽ ጉልበት የነበራቸው ፋብሪካና ወደብ ውስጥ፣ ሠራተኛው መሃል ነው። ስለዚህ ጥያቄው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ አንድ ሰው የፓርቲም የሠራተኛ ማኅበርም አባል ከሆነ፣ ሁለቱ የተጣሉ ቀን ለማን ያድራል?

የጀመርነው ከሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1934። የወደብ ሠራተኛ ያኔ ቋሚ ቅጥር የለውም። ጠዋት ወደቡ ዳር ይቆማል፣ ፎርማኑ ይመጣል፣ አንተ ና፣ አንተ ሂድ ይላል። ያልተመረጠ ቤቱ ይገባል ወይም እስከ ማታ እዚያው ይንከራተታል። ይህንን ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ አካፋና ዶማ ይዘው አደባባይ ዳር የሚቆሙ የቀን ሠራተኞችን በየቀኑ ያያሉ። ቢሆንም በጨዋታ እንሞክረው አልንና አንዱን ልጅ ፎርማን አደረግነው፤ ከሃያ ሰው አራት ብቻ ይምረጥ ተባለ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቆሎ፣ እስክሪብቶ፣ የሒሳብ የቤት ሥራ ሳይቀር በስጦታ መምጣት ጀመረ። ማንም ጉቦ ስጡ አላለም! ሳን ፍራንሲስኮም ልክ እንደዚህ ነበር፤ ሥራ ለማግኘት ፎርማኑን መጋበዝ የተለመደ ነገር ነበር።

ግንቦት ላይ ሥራ አቆሙ። ከመሪዎቹ ዋናው ሃሪ ብሪጅስ የሚባል አውስትራሊያ የተወለደ የወደብ ሠራተኛ ነው። ኮሚኒስቶች አብረውት ይሠሩ ነበር፣ እሱም አልደበቀም፤ የፓርቲው አባል ነህ ሲባል ግን ዕድሜውን ሙሉ አይደለሁም እንዳለ ነው። ጁላይ 5 ቀን ፖሊስ ተኩሶ ሁለት ሰው ገደለ። አንደኛው ምግብ አብሳይና የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበር። ሕዝቡ አስከሬኖቹን በዝምታ አጅቦ ዋናውን መንገድ ሞላው፣ ከዚያ ከጁላይ 16 ጀምሮ ከተማዋ ለአራት ቀን ቆመች። በኋላ ያገኙት ድል ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ የሠራተኛ መደልደያ አዳራሽ ነው። ግን ተረኛውን የሚጠራው ማኅበሩ የመረጠው ሰው ሆነ፤ ቀስ በቀስም ትንሽ ሰዓት የሠራው ቅድሚያ የሚያገኝበት ደንብ ወጣ። ፎርማን ሆኖ የተጫወተው ልጅ ይህን ሲሰማ «ታዲያ እኔ ምን ልበላ ነው?» ብሎ አሳቀን።

ብሪጅስን ከአገር ለማስወጣት መንግሥት ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ተሟገተ። ጉዳዩ ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሁለቱንም ጊዜ፣ በ1945 እና በ1953፣ ብሪጅስ ረታ። የሕግ ትምህርት የምታስብ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ እዚህ ላይ ሦስት ረቡዕ አቆመችን። አልቆጨኝም።

ልጆቹ የወደዱት ግን ፍሊንትን ነው። ሚሺጋን ውስጥ ያለች የጄኔራል ሞተርስ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 1936 ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ወደ ቤት አልሄዱም፤ ፋብሪካው ውስጥ ቁጭ አሉ። 44 ቀን! የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደነበር ገምቱ። «ቲቸር፣ ምን ይበሉ ነበር?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔ ተማሪ እያለሁ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ምግቡ ውጪ ይበሰልና በመስኮት ይገባል። ውስጥ መጠጥ ክልክል ነው፤ የጽዳት ተራ አለ፣ የጥበቃ ተራ አለ፣ የሚተኙት ለመኪና ወንበር በተሠራ ስፖንጅ ላይ ነው። ጃንዋሪ 11 ቀን ኩባንያው በዚያ ብርድ ማሞቂያውን አጠፋ፣ ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስ መጣ። እነሱም የመኪና በር ማጠፊያ ብረት እየወረወሩ፣ በእሳት አደጋ ቱቦ ውኃ እየረጩ መለሱት። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ የራሳቸውን ብርጌድ አቋቋሙ፤ ቀይ ቆብ አድርገው፣ ዱላ ይዘው ከፊት የሚቆሙ ሆኑ።

ኩባንያው ለሰላይ ብቻ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ማውጣቱ በሴኔት ምርመራ ወጥቷል። ሠራተኞቹ ይህንኑ ራሱን ተጠቀሙበት። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ዘጠነኛውን የሼቭሮሌት ፋብሪካ እንይዛለን ብለው ሰላይ እንዲሰማ አድርገው አወሩ። ጥበቃው ሁሉ ወደ ዘጠነኛው ሮጠ። እነሱ ሞተር የሚሠራበትን አራተኛውን ያዙ። ይህን የተረኩ ቀን ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፣ ጎረቤት ክፍል ፈተና ላይ የነበረው ባልደረባዬም በሩን ከፍቶ ገላመጠኝ። (ይቅርታ ጠይቄያለሁ።) ፌብሩዋሪ 11 ቀን ኩባንያው ማኅበሩን አውቆ ፈረመ።

ታዲያ ፍሊንት ውስጥ ከአደራጆቹ አንዳንዶቹ ኮሚኒስቶች ነበሩ። ዊንደም ሞርቲመር የሚባለው ልጅ ሆኖ የከሰል ማዕድን ውስጥ የሠራ ሰው ነው፤ ለወራት በድብቅ ቤት ለቤት እየዞረ ነው ሠራተኛውን ያሰባሰበው። ሶሻሊስቶችም ነበሩ፣ የየትኛውም ፓርቲ አባል ያልሆኑም፣ እነዚህ ይበዛሉ። ከላይ ደግሞ ሲአይኦ የተባለውን ትልቁን የማኅበራት ስብስብ የሚመራው ጆን ሉዊስ አለ። ሉዊስ ኮሚኒስት አይደለም፣ እንዲያውም በራሱ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ሲያባርራቸው የኖረ ነው። ያኔ ግን የሚያስጠጋቸው ሆነ። ለምን ቢሉት መለሰ የሚባለው፦ ወፏን የሚወስዳት ማን ነው፣ አዳኙ ወይስ ውሻው?

ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ወጣሁ። ሰኔ ድረስ ማንም አላጠፋውም።

ክርክሩ እንግዲህ እዚህ ተጀመረ። ውሻው ማን ነው? ሉዊስ አዳኙ እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ፓርቲው ደግሞ አዳኙ እኔ ነኝ ብሎ ያስብ ነበር። አንዲት ዝምተኛ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ አራት ጊዜ ቢሆን ነው የተናገረችው፣ «ሠራተኛው እኮ ወፏ ሆኖ ቀረ» አለች። እኔ ይህን ያህል አልጨክንም ነበር። ፎርማኑን ያስቀረው፣ ኩባንያውን ያስፈረመው ራሱ ሠራተኛው ነው። ግን ጥርጣሬዋ መሠረት ነበረው።

ለማየት አንድ ነገር ሞከርን። ከክበቡ አንደበተ ርቱዕ የሆነችውን መረጥንና «ዛሬ የአሜሪካ ኮሚኒስት ፓርቲ ነሽ» አልናት። በመጀመሪያ 1938 ነው፤ ከሁሉም ጋር ሆነን ፋሺዝምን እንዋጋ ብላ ተከራከረች፣ አሳመነችን። ቀጥሎ 1940 አልናት። ስታሊንና ሂትለር በኦገስት 1939 ተፈራርመዋል፤ አሁን ጦርነቱ የሀብታሞች ነው፣ አሜሪካ አትግባ በይ። እየተንተባተበችም ቢሆን አለች። ከዚያ ጁላይ 1941 መጣ፤ ሂትለር ሶቪየት ኅብረትን ወርሯል፣ ጦርነቱ የነጻነት ሆኗል፣ ወዲያውም ሥራ ማቆም ጠላትን መርዳት ነው በይ። ቆም አለችና «ቲቸር፣ ይሄ ዛሬ ስንተኛው እምነቴ ነው?» አለች። ፋብሪካ ውስጥ የነበረው ሠራተኛ ያው ነው፣ ደመወዙም ያው፤ የተቀየረው ሞስኮ ያለው ነገር ነው። ብዙ ሰው ያኔ ፓርቲውን ጥሎ ወጣ። ብዙ ሰው ደግሞ ቀረ፣ ምክንያቱም በአካባቢው ቤቱን ለተነጠቀ፣ ጥቁር ስለሆነ ለተገፋ የሚቆምለት ሌላ ሰው አላየማ። ዊንስተን ሳሌም ከተማ ውስጥ በ1943 አንድ የትንባሆ ፋብሪካ ሠራተኛ ሥራ ላይ ሞቶ፣ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ከጎናቸው የነበሩት እነዚሁ ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ላይ መያዝ ለልጆቹ ከበዳቸው። ለእኔም።

መጨረሻውን ቶሎ ልበለው። በ1947 ታፍት ሃርትሊ የተባለው ሕግ የማኅበር መሪዎች ኮሚኒስት አይደለሁም ብለው በመሐላ እንዲፈርሙ አስገደደ። በ1949 እና 1950 ሲአይኦ ራሱ 11 ማኅበራትን አባረረ፤ በጠቅላላው ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ አባላት ነበሯቸው። የብሪጅስ ማኅበርም ተባረረ፣ ግን አልሞተም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ወላጅ ደወሉልኝ። «ልጄ ሥራ ማቆም ምናምን ይላል፤ ፖለቲካ ነው እንዴ የምታስተምሯቸው?» ታሪክ ነው አልኳቸው። «የእኛም ዘመን በታሪክ ነው የጀመረው» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ትንሽ አሰብኩበት። ወደ አገራችን የመለሰን እንግዲህ ይህ ስልክ ነው።

መንገዱ ደግሞ ከአሜሪካ ብዙም አይርቅም። ኮሚኒስቶችን ያስወጡት የአሜሪካ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1955 ተዋህደው፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አፍሪካ ድረስ መጥተው ማኅበራትን ያሠለጥኑና ይረዱ ነበር። ከተረዱት አንዱ በእኛ አቆጣጠር በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ ነው። በኋላ የእኛ ግራ ዘመሞች መሪዎቹን የአሜሪካ ሰዎች እያሉ የሚወርፏቸው በዚህ ነበር። ያም ሆኖ በ1966 ከየካቲት 28 ጀምሮ አገሪቱን ለአራት ቀን በሥራ ማቆም ያናወጠው ይኸው ማኅበር ነው። «እንደ ሳን ፍራንሲስኮ አራት ቀን!» ያለው ያው የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ነው።

ግንቦት ውስጥ የአንዷን ተማሪ አያት ጋበዝናቸው። ጡረታ የወጡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። ከረባት አስረው፣ ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድመው መጡ። ስለ አራቱ ቀናት ሲያወሩ ወጣት ሆኑ። ስለ መስከረም 1968 ሲጠየቁ ድምፃቸው ወረደ። ያኔ የማኅበሩን የአቋም መግለጫ አየር ማረፊያ ሲበትኑ የነበሩ ሠራተኞች ላይ ተተኩሶ ሰዎች ሞቱ፤ ወዲያው የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ብዙም ሳይቆይ ኢሠአማ ፈረሰ። ደርግ በ1969 በቦታው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን፣ መኢሠማን፣ አቋቋመ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ቴዎድሮስ በቀለ በዚያው ዓመት ተገደሉ፤ ኢሕአፓና መኢሶን፣ ደርግም፣ ሁሉም በሠራተኛው ስም ይምሉ በነበረበት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማታ የወጣ ሰው በማይመለስበት ጊዜ ማለት ነው።

«አባባ፣ እርስዎ ኮሚኒስት ነበሩ?» አለቻቸው ያቺ ዝምተኛ ልጅ። ሰሌዳውን ቀና ብለው አዩት። ጽሑፉን አነበቡና «እኔ እንኳ ሸማኔ ነበርኩ» አሉ።

ከኪሳቸው ሁለት የአባልነት ካርዶች አወጡ፣ አንዱ የኢሠአማ፣ አንዱ የመኢሠማ። ልጆቹ እየተቀባበሉ አዩአቸው። ፎቶ ኮፒ እናድርግ ብለን ስንጠይቃቸው የመጀመሪያውን ሰጡን። ሁለተኛውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ኮፒው ቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተለጥፏል። ክበቡ መስከረም ላይ ምዝገባ ይጀምራል፤ ለጎፈሩ ጥገናም መዋጮ እንቀበላለን።