የጊኒ ቢሳው ጣጣ ያለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 104 እና የጦር ሰፈሩ ውስጥ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ቀድሞ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛቶች ያወጣችሁት ሐተታ አንጎላንና ሞዛምቢክን በሚመለከት ብዙም የሚነቀፍ ነገር የለውም። ጊኒ ቢሳው ላይ ሲደርስ ግን ሦስት የታሪክ ግድፈት ይፈጽማል። ከግድፈቶቹ ይልቅ የሚያሳስበው ድምዳሜው ነው፤ ጸሐፊው የአገሪቱን የማያባራ መፈንቅለ መንግሥት «የቅኝ አገዛዝ ውርስ» ብለው ዘግተውታል። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ኬፕ ቨርዴም ከዚያው ማጥ ባልወጣች ነበር። የሁለቱም ቅኝ ገዢ ፖርቱጋል ናት፤ የሁለቱም ነጻ አውጪ በኋላ ገዢ ፓርቲ የሆነው ፒኤአይጂሲ የተባለው ድርጅት፣ የድርጅቱም ቀዳሚ መሥራች አሚልካር ካብራል ነው። ሆኖም ኬፕ ቨርዴ ከ1991 ወዲህ መንግሥት የምትለውጠው በድምፅ ብቻ ሲሆን፣ ጊኒ ቢሳው በ1980፣ በ1999፣ በ2003፣ በ2012 እና በ2025 መሪዎቿን በጠመንጃ አውርዳለች። በ2009 ደግሞ ፕሬዚዳንቷ በገዛ ወታደሮቿ ተገድለዋል። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀኑ ልጀምር። ሐተታው ጊኒ ቢሳውን ነጻ ያወጣት በሚያዝያ 1974 ሊዝበን ላይ የተካሄደው፣ የፖርቱጋልን አምባገነን መንግሥት የጣለው የካርኔሽን አብዮት ነው ይላል። አገሪቱ ግን ነጻነቷን ያወጀችው ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብላ፣ መስከረም 24 ቀን 1973፣ በደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በቦኤ አካባቢ ነበር። አዋጁን ያጸደቀው ብሔራዊ ሸንጎ አባላቱ ከአንድ ዓመት በፊት ድርጅቱ በሚቆጣጠራቸው ቀበሌዎች የተመረጡ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኅዳር 2 ቀን 1973 በ93 ድጋፍ፣ በ7 ተቃውሞና በ30 ድምፀ ተአቅቦ ነጻነቷን በደስታ ተቀበለ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በዚያው ወር 42ኛ አባሉ አደረጋት፤ ቢሳው ከተማ ውስጥ ያኔ የፖርቱጋል ጦር ገና አልወጣም።

በእኛ አቆጣጠር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። አዋጁ መስከረም 14 ቀን 1966፣ የሊዝበኑ አብዮት ሚያዝያ 17 ቀን 1966፣ ፖርቱጋል እውቅና የሰጠችው ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን 1966 ነው። ሁሉም በአንድ ዓመት ውስጥ ተጀምሮ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን አለቀ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ያን ሰሞን ስለ ቢሳው ያወራ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ቢሆን አያስደንቅም።

እንዲያውም ነገሩ ተገልብጦ ቢጻፍ ለእውነቱ ይቀርብ ነበር። ለሊዝበኑ አብዮት ትልቁን ግፊት የሰጠው የቢሳው ጦርነት ነው። ከ1968 እስከ 1973 የቅኝ ግዛቲቱ ገዢ የነበሩት ጄኔራል ስፒኖላ ከአብዮቱ በኋላ የፖርቱጋል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አብዮቱን ከጠነሰሱት መካከለኛ መኮንኖች ብዙዎቹም እዚያው ጫካ ውስጥ የተሰላቹ ነበሩ። ሽምቅ ተዋጊዎቹ በ1973 መጀመሪያ ከትከሻ የሚተኮስ የሶቭየት ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል ሲታጠቁ፣ ፖርቱጋል የምትተማመንበት የአየር የበላይነት አበቃ። አሚልካር ካብራል ራሱ ይህን አላየም፤ ጥር 20 ቀን 1973 በጎረቤቲቱ ጊኒ ዋና ከተማ ኮናክሪ ላይ በገዛ ድርጅቱ ሰዎች ተገድሏል። በሐተታው «የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት» መባሉም ለዚህ ነው ስህተት የሚሆነው። ፕሬዚዳንት የሆነው ወንድሙ ሉዊስ ካብራል ነው።

ሦስተኛው ግድፈት ጊኒ ቢሳውና ኬፕ ቨርዴ «እስከ 1980 አንድ መንግሥት ነበሩ» የሚለው ነው። አልነበሩም። ኬፕ ቨርዴ ሐምሌ 5 ቀን 1975 የራሷን መንግሥት አቁማለች፤ ፕሬዚዳንቷ አሪስቲዴስ ፔሬራ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ፔድሮ ፒሬስ ነበሩ። የጋራ የነበረው ፓርቲው ነው፤ ውህደቱ በዕቅድ ቀረ። ኅዳር 14 ቀን 1980 የጊኒ ቢሳው ጠቅላይ ሚኒስትር ኒኖ ቪዬራ ሉዊስ ካብራልን ሲገለብጥ ኬፕ ቨርዴዎች ከፓርቲው ወጥተው በጥር 1981 ፒኤአይሲቪ የተባለውን የራሳቸውን አቋቋሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ውጊያው የተካሄደው በየብሱ፣ በጊኒ ቢሳው ብቻ ነው፤ በኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ላይ የሽምቅ ጦርነት አልነበረም። ስለዚህ ኬፕ ቨርዴ ነጻ ስትወጣ «አገሪቱን ያስገኘሁ እኔ ነኝ» የሚል ትልቅ ጦር አልወረሰችም። ቢሳው ግን ከአሥር ዓመት በላይ የተዋጋ፣ በአብዛኛው ባላንታ ከተባለው ብሔረሰብ ገበሬዎች የተውጣጣ፣ ፓርቲው ራሱ የፈጠረው ጦር ነበራት። ይህ ጦር ወደ መደበኛ ሠራዊት ሲለወጥ አዛዥነቱ የተደለደለው በጫካ ዘመን ማዕረግ ነው፤ የጡረታው ጉዳይ ደግሞ በይደር ቀረ። መኮንኑ ከወታደሩ ቁጥር ጋር የማይመጣጠን ሆነ። በዚህ ላይ የአገሪቱ የውጭ ገቢ በአብዛኛው በካሹ ፍሬ ላይ የቆመ ነው፤ የካሹ ዋጋ በወደቀ ዓመት ደመወዝ ይዘገያል፣ የዘገየ ደመወዝ ደግሞ ወደ ጦር ሰፈሩ ይገባል።

የ1998ቱ ጦርነት አነሳስ ይህን በደንብ ያሳያል። ፕሬዚዳንት ቪዬራ የጦር አዛዡን አንሱማኔ ማኔን ለሴኔጋሏ ካዛማንስ አማፅያን መሣሪያ አሳልፏል በሚል ሲያነሱት፣ አብዛኛው ሠራዊትና የቀድሞ ታጋይ የተከተለው አዛዡን ነው። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣናቸውን ለማቆየት የሴኔጋልንና የጊኒን ወታደር መጥራት ነበረባቸው። እንዲያም ሆኖ በግንቦት 1999 ወረዱ።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2008 እስከ 2010 የጦር ማሻሻያ ተልዕኮ ልኮ ነበር። ዕቅዱ ቀላል ይመስላል፤ ያረጁትን በጡረታ ማሰናበት፣ ቁጥሩን መቀነስ፣ ማዕረጉን ማስተካከል። የሚበላሸው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መኮንኑ መጀመሪያ ትጥቅና ሥልጣኑን ያስረክባል፣ ጡረታው ኋላ ይመጣል፤ ጡረታው የሚመጣው ደግሞ ደመወዝ በወቅቱ ከማይከፍል ግምጃ ቤት ነው። ይህን ማን ይቀበላል? በሚያዝያ 2010 ምክትል አዛዡ አንቶኒዮ ኢንጃይ አለቃውን አስሮ ቦታውን ያዘ፤ ተልዕኮው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ተዘጋ።

ጦሩ ግን ብቻውን አይንቀሳቀስም፤ በር የሚከፍትለት ሕገ መንግሥቱ ነው። ሁለቱም አገሮች ፕሬዚዳንትም ጠቅላይ ሚኒስትርም ያለበትን፣ ከፖርቱጋል ጋር የሚቀራረብ ሥርዓት ይከተላሉ። ልዩነቱ መንግሥትን ማን ይሽራል የሚለው ላይ ነው። በኬፕ ቨርዴ ፕሬዚዳንቱ መንግሥትን ለማሰናበት ምክር ቤቱ የመተማመኛ ድምፅ መንፈግ አለበት። በጊኒ ቢሳው አንቀጽ 104 መሠረት ግን ፕሬዚዳንቱ «የተቋማትን መደበኛ አሠራር አደጋ ላይ የሚጥል ከባድ የፖለቲካ ቀውስ» ካለ መንግሥትን ማሰናበት ይችላል። ቀውስ አለ የሚለው እሱ፣ ከባድ ነው የሚለው እሱ፤ ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው ነው። የመንግሥት ምክር ቤቱንና ፓርቲዎቹን ማማከር አለበት፣ መስማማታቸው ግን አያስፈልግም።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ ቢባል መልሱ ሊዝበን አይደለም። የቢሳው ሕገ መንግሥት በ1990ዎቹ ለመድብለ ፓርቲ ሲሻሻል ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ቪዬራ ነበሩ፤ የአንድ ፓርቲ ዘመኑ የ1984 ሰነድ ተጣፍቶ ቀጠለ። የኬፕ ቨርዴው የ1992 ሕገ መንግሥት ግን እንደ አዲስ የተጻፈው ነባሩን ፓርቲ በ1991 በምርጫ ባሸነፈው፣ ኤምፒዲ በተባለው ፓርቲ አብላጫ ነው።

አንቀጹ ሲሠራ ማየት የሚፈልግ 2015ን ይመልከት። ፒኤአይጂሲ በ2014 ከ102 መቀመጫ 57ቱን አገኘ፣ ፒአርኤስ የተባለው ተፎካካሪ 41። በነሐሴ 2015 ፕሬዚዳንት ዦዜ ማሪዮ ቫዝ (ልብ በሉ፣ የዚያው የፒኤአይጂሲ ሰው ናቸው) የፓርቲውን ሊቀ መንበርና ጠቅላይ ሚኒስትር ዶሚንጎስ ሲሞይንስ ፔሬራን አሰናበቱ። የሾሙትን ተተኪ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ በሳምንታት ውስጥ አስወረደው። በጥር 2016 ፓርቲው 15 ያፈነገጡ ተመራጮቹን አባረረ። 57 ሲቀነስ 15 ይሆናል 42፤ አብላጫው 52 ነው። 15ቱ ከፒአርኤስ 41 ጋር ሲደመሩ ግን 56 ይሞላሉ። ፕሬዚዳንቱ የያዙት ይህንን ስሌት ነው። የፓርላማው አፈ ጉባኤ በበኩላቸው ጉባኤውን አልጠራም አሉ፤ ፓርላማው እስከ ሚያዝያ 2018 ድረስ ሳይሰበሰብ ከረመ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቫዝ የሥልጣን ዘመናቸውን የጨረሱ የመጀመሪያው የተመረጡ ፕሬዚዳንት ናቸው። በዚያ ዘመን ዋና ከተማዋን ይጠብቅ የነበረው የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ (ኢኮዋስ) ጦር መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም፤ የወጣው በ2020 ነው።

ተከታያቸው ኡማሮ ሲሶኮ ኤምባሎ ከዚያም ርቀው ሄዱ። አንቀጽ 94 ምክር ቤቱ በተመረጠ በ12 ወር ውስጥ እንዳይበተን ይከለክላል። የሰኔ 2023 ምርጫ በፒኤአይጂሲ ለሚመራው ተቃዋሚ ጥምረት ከ102 መቀመጫ 54ቱን ሰጠ፤ ምክር ቤቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 2023 ተበተነ፣ ማለትም ልክ በስድስት ወሩ። ዶሚንጎስ ሲሞይንስ ፔሬራም በኅዳር 2025ቱ ምርጫ እንዳይወዳደሩ ተደረገ። ድምፅ የተሰጠው ኅዳር 23 ነው፤ ኅዳር 26፣ ውጤቱ ሊታወጅ በዋዜማው፣ ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። ሐተታው ይህን «ድንገተኛ» ይለዋል። ከ2023 ጀምሮ ለተከታተለው ምኑም ድንገተኛ አይደለም፤ በምርጫ የተገኘ አብላጫ በፊርማ መበተን ከተለመደ በኋላ፣ ፊርማውን በጠመንጃ የሚቀድመው ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረው።

ስለዚህ ለእርማት ዓምዳችሁ የማሳስበው የሚከተለውን ነው። የነጻነቱ ዕለት መስከረም 24 ቀን 1973 ተብሎ ይስተካከል። «የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት» ከሚለው የፎቶ መግለጫ ሥር ያለው ምስል የአሚልካር ስለሆነ ወይ ምስሉ ወይ ጽሑፉ ይለወጥ። የሽግግሩን ሂደት ስትዘግቡም የምርጫውን ቀን ብቻ ሳይሆን አንቀጽ 104 መነካቱን አለመነካቱንና የመኮንኖቹ ጡረታ ከየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣችሁ ቋሚ አንባቢ፣ አዲስ አበባ