«በጥናት ተረጋግጧል» ስለሚባለው ነገር ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለ፦ ቅድመ መደበኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የሕፃናት ትምህርት ጥናቶችን አብረን እንድናነብ ስለመጋበዝ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንዲት እናት፣ የአራት ዓመት ልጆች የቤት ሥራ ቢሰጣቸው እንደሚበጃቸው «በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ ከስልካቸው አነበቡልን። ከእሳቸው ቀጥሎ አንድ አባት ተነሥተው የዚህ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ፣ እሱም «በጥናት የተረጋገጠ» የተባለ ሌላ ጽሑፍ አነበቡ። ሁላችሁም መልስ ፈልጋችሁ ወደ እኔ ስትመለከቱ «እንደ ልጁ ይለያያል» ብዬ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፍኩ። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ሽሽት ነበርና፣ ያን ዕለት መናገር የነበረብኝን በዚህ ደብዳቤ ለመግለጽ እወዳለሁ።

እኔና የቅድመ መደበኛ መምህራን ከዚህ ወሰነ ትምህርት መጀመሪያ አንሥቶ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ፣ ልጆቹ ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ፣ አንድ ጥናት መርጠን እናነባለን። የምናነበውም ከሰው ወደ ሰው የሚዞረውን ማጠቃለያ ሳይሆን ጥናቱን ራሱን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የለመድነው ነገር ቢኖር «እነዚህ ልጆች የተነጻጸሩት ከእነማን ጋር ነው?» ብሎ መጠየቅን ነው።

የፔሪ ጥናት በመባል የሚታወቀውን ለአብነት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ የተጀመረው ይህ ጥናት፣ ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱ 123 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናትን ለሁለት ከፍሎ 58ቱ የቅድመ መደበኛ ትምህርት እንዲያገኙ፣ 65ቱ ደግሞ ያንን ትምህርት ሳያገኙ እንዲያድጉ በማድረግ ሁለቱንም ቡድኖች እስከ ጉልምስና ዕድሜያቸው ተከታትሏል። የተማሩት ሕፃናት መጀመሪያ ላይ በአእምሮ ብቃት ፈተና ብልጫ አሳይተው ነበር፤ ብልጫው ግን መደበኛ ትምህርት በጀመሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፋ። ክትትሉ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ቀረ ተብሎ ፋይሉ ይዘጋ ነበር። ዕድሜያቸው 40 ዓመት ሲደርስ ግን ሁለተኛ ደረጃን በማጠናቀቅም ሆነ በገቢ ከሌሎቹ ልቀው፣ በፖሊስ በመያዝ ደግሞ አንሰው ተገኙ። የልጃቸውን የውጤት ካርድ ይዘው በጭንቀት ቢሮዬ ለሚመጡ ወላጆች ይህን ታሪክ መንገር ልማዴ ሆኗል።

ሆኖም ይህ ጥናት ማንኛውም መዋዕለ ሕፃናት እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል ማለት አይደለም። የፔሪ ልጆች በደንብ የሠለጠኑ መምህራን የነበሯቸው ሲሆን፣ የአንዱ መምህር ድርሻም ከስድስት ልጆች የሚበልጥ አልነበረም፤ መምህራኑ በየሳምንቱ እቤታቸው ድረስ እየሄዱ ከእናቶቻቸው ጋር ይሠሩ ነበር። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የቴነሲ ግዛት ጥናት ወደ 3,000 የሚጠጉ ሕፃናትን በዕጣ ለይቶ ሲከታተል፣ ዕጣ ወጥቶላቸው የተማሩት ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ዕጣው ካልወጣላቸው ያነሰ ውጤት አስመዝግበው፣ በሥነ ሥርዓት ጉድለትም በዝተው ተገኝተዋል። «ቅድመ መደበኛ» የሚለው ስም አንድ ቢሆንም በክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር ለየቅል ነው። ለእኛ ለአስተማሪዎች ይህ ደስ የሚል ንባብ አልነበረም፤ ያን ሐሙስ ብዙም ሳንነጋገር ተለያየን።

በጣም ያከራከረን ግን ማርሽሜሎው በሚባል ለስላሳ ጣፋጭ ስም የሚጠራው የማርሽሜሎው ሙከራ ነው። ዋልተር ሚሼል የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ለልጆች አንድ ጣፋጭ ፊታቸው አስቀምጠው፣ ሳይበሉ ከታገሡ ሁለተኛ እንደሚጨመርላቸው ነግረው ይወጡ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ታግሠው የቆዩት ካደጉ በኋላ በትምህርት ልቀው ተገኙ መባሉንም እንዲሁ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ከ900 በላይ በሚሆኑ ልጆች ላይ ሲፈትሹት ግንኙነቱ በግማሽ ገደማ አነሰ፤ የቤተሰብ ሁኔታና የመሳሰለው ሲታሰብ ደግሞ ከቀረውም ሁለት ሦስተኛው ጠፋ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ በ28 ልጆች ላይ የተሠራ ትንሽ ሙከራ ነው። አዋቂው ለልጁ ያረጁ ከለሮች ሰጥቶ «ቆይ፣ የተሻለ አመጣልሃለሁ» ብሎ ይወጣል። ለግማሾቹ ልጆች የተባለውን ይዞ ሲመለስ፣ ለቀሩት ግን «ይቅርታ፣ ለካ የለንም» እያለ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ጣፋጩ ሲቀርብ፣ ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲታገሡ፣ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ቆዩ። ያልታገሠውን ልጅ «ራሱን መግዛት አይችልም» ከማለት በፊት፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ «ቆይ» ተብሎ እንደቀረበት መጠየቅ ሊኖርብን ነው። ከዚያ ወዲህ መምህራኖቻችን ለልጆች «ነገ» ያሉትን ሁሉ በር አጠገብ በተሰቀለ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ባለፈው ሳምንት ገና ማንበብ የማትችል አንዲት ልጅ መምህሯን እጃቸውን ይዛ ወደ ደብተሩ ወስዳ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ «ቀለሙ እዚህ ተጽፏል» ስትላቸው ዐይቻለሁ። ቀለሙ በዚያው ዕለት ወጣ።

እኔም ተሳስቻለሁ። ለሁለት ዓመት ያህል በዕረፍት ሰዓት የሞዛርት ሙዚቃ እንዲከፈት ያዘዝኩት የልጆችን አእምሮ ያሰላል ሲባል ሰምቼ ነበር። የወሬው መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. የ1993ቱ ጥናት ግን በ36 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሲሆን፣ የታየውም ለውጥ ከሩብ ሰዓት የማያልፍ ነበር፤ አንድም ሕፃን አልነበረበትም። ሙዚቃው አሁንም ይከፈታል፣ ልጆቹ ስለሚወዱት ብቻ።

እንግዲህ የቤት ሥራን በሚመለከት፣ ለጊዜው በመጻፊያ ደብተር የሚሠራ የቤት ሥራ ለቅድመ መደበኛ ልጆች አንሰጥም። በምትኩ ማታ ማታ ከልጃችሁ ጋር እየተቀባበላችሁ እንድታወሩ እንጠይቃለን። እ.ኤ.አ. በ2018 ከ4 እስከ 6 ዓመት ባሉ 36 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ልጁ ከሰማው የቃላት ብዛት ይልቅ ከአዋቂ ጋር የተመላለሰው ንግግር ከአእምሮው የቋንቋ ሥራ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ይህም ቢሆን ጥቂት ልጆች የተካተቱበት ጥናት ነው፤ ነገር ግን ምክሩ የሚያስከፍለው ነገር ስለሌለ ያለ ስጋት እንሰጣችኋለን።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ንባብ ለወላጆችም ክፍት ስለሚሆን፣ መገኘት የምትፈልጉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን ቅጽ ሞልታችሁ በልጃችሁ ቦርሳ እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። በዚሁ አጋጣሚ፣ የትኛውም ተመራማሪ በትምህርት ቤታችን ጥናት ለማድረግ ቢጠይቅ ያለ እናንተ የጽሑፍ ፈቃድ የማንንም ልጅ መረጃ እንደማንሰጥ፣ እናንተ ፈቅዳችሁም ልጁ አልፈልግም ቢል እንደማናስገድደው ለማሳወቅ እወዳለሁ።

ሁለቱን ጽሑፎች ያነበቡልን እናትና አባት እነዚያኑ ጽሑፎች ይዘው ቢመጡልን የመጀመሪያውን ሐሙስ በእነሱ እንጀምራለን።

ከሰላምታ ጋር፣

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር