ለሰፈራችን ቪዲዮ ቤትም ታሪክ ይጻፍለት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ቀድሞ ሲኒማ ቤቶች የሚጻፉ ጽሑፎችን ሳነብ ዘወትር የሚነሡት የአዲስ አበባዎቹ አምፒርና ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ወደ እኛ ቀረብ ሲልም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የጎንደር ፒያሳው ሲኒማ ናቸው። ይህም ተገቢ ነው። እኔ የማነሣው ግን በባሕር ዳር ከግሽ ዓባይ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ በጭቃና በቆርቆሮ ተሠርቶ የነበረውን፣ ዛሬ ቦታው እንኳ የማይለየውን ቪዲዮ ቤት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት ለብዙዎቻችን ሲኒማ ማለት ያ ቤት ነበር። በር ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ የዕለቱ የሕንድና የካራቴ ፊልሞች በጠመኔ ይጻፋሉ፤ ብርሃን እንዳይገባ ድርብ ጆንያ ይንጠለጠላል፤ በውስጡ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ (የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) እና ጀርባ የሌላቸው አግዳሚዎች ብቻ ነበሩ። ባለቤቱን ጋሼ እንላቸው ነበር። ምስሉ በነጭ ጭረት ሲሸፈን ዴኩን ከፍተው፣ ጥጥ በአልኮል ነክረው የካሴቱን ክር የሚያነበውን ሄድ በቀስታ ሲጠርጉ ያ ሁሉ ጫጫታ እንዴት ጸጥ ይል እንደነበር ዛሬም ይታየኛል። መብራት ሲጠፋ ገንዘብ አይመልሱም፤ ነገር ግን በሲጋራ ካርቶን ቁራጭ ላይ ቀኑን ጽፈው ፈርመው ይሰጡናል፣ እሱም በማግስቱ ያስገባን ነበር። ወላጆቻችን ቤቱን የዱርዬ መዋያ ይሉት ነበር፤ ከክፍል ፎርፈን የገባንበት ቀን መኖሩንም አልክድም። ይሁን እንጂ ከፈረቃ የወጡ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ሊስትሮዎችና የፖሊ ቴክኒክ ተማሪዎች በአንድ አግዳሚ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አብረው የሚያለቅሱበት ሌላ ቦታ አላየሁም።

ቤቱን ሲዲ፣ ዲሽና በመጨረሻም ስልክ አዘጉት። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጨረሻው የጃፓን አምራች ዴክ መሥራቱን ሲያቆም የጋሼ ቤት ከፈረሰ ቆይቶ ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴ ያስቀመጣቸውን ካሴቶች ስንከፍት ጥቁሩ ክር ነጭ ሻጋታ ለብሶ አገኘነው፤ የቴፕ ክር እርጥበት አይወድም፣ የሐይቃችን ዳር ክረምት ደግሞ የታወቀ ነው።

ለፊልሞቹ አላዝንም፤ ቅጂያቸው ከሌላ ቦታ አይጠፋም። ሌላ ቦታ የማይገኙት ሰሌዳው፣ የካርቶን ቁራጩ፣ ምናልባትም በአንዱ ቤት አልበም ውስጥ ያለ ፎቶግራፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ የቪዲዮ ቤት ባለቤቶች ትዝታ ናቸው። ስለዚህ ጋዜጣችሁ አንባቢያን በእጃቸው ያለውን እንዲያሳውቁ ጥሪ እንዲያደርግ፣ የሙሉዓለም የባህል ማዕከልም ለዚህ የሚሆን አንድ መደርደሪያ እንዲሰጥ፣ የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎችም አረጋውያኑን ሳይውሉ ሳያድሩ ድምፃቸውን እንዲቀርጹ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በእኔ እጅ የቀረችው አንዲት የካርቶን ቁራጭ ናት፤ ፊርማው ደብዝዟል፣ ቀኑ ግን ይነበባል፤ ተቀባይ ከተገኘ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ