ቤቱ ለጥር ይቆይ

ይድረስ ለወንድሜ ለደረጀ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ እናትህስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን እንተወውና ወደ ጠየቅኸኝ ልግባ።

ማኅበራችሁ ጎንደር መጥቶ ላንዲት አቅመ ደካማ እናት ቤት ለመሥራት ማሰቡ ደግ ነው። ነሐሴ ማለታችሁ ግን አይሆንም። በጎ ፈቃደኛ የሚገኘው ትምህርት ሲዘጋ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በነሐሴ የተመረገ ግድግዳ ግን ሳይደርቅ ይሻግታል፣ እንጨቱም ከውስጥ ይበሰብሳል። በክረምት መምጣታችሁ የግድ ከሆነ ጣሪያ ቀይሩ፣ የጎርፍ ቦይ ቆፍሩ። ለአዲስ ቤት ጥር ይሻላል፤ ዝናብ የለም፣ ጤፉም ተወቅቶ ጭድ እንደልብ ነው። ከጥምቀት በፊት እንዳትመጡ፣ ማደሪያ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። 13 ላይ ጀምሩ። 21 አስተርእዮ ማርያም ስለሆነ አናጢም ቆፋሪም አይወጣላችሁም፤ የሥራ ቀን ስትቆጥሩ እሱንና እሑዶችን ቀንሱ።

መጀመሪያ ግን ቤቱ የማን እንደሆነ ይጣራ። የግል ከሆነ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የቀበሌ ቤት ከሆነ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ። አሮጌው ከፈረሰ በኋላ ክርክር ቢነሣ ሜዳ ላይ የሚቀሩት እናትየዋ ናቸው።

ቦታው ወደ አዘዞ በኩል ከሆነ ዋልካ መሬት ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። ጠንካራ እስኪገኝ ቆፍራችሁ አውጡትና በድንጋይና በገረጋንቲ ሙሉት። የድንጋዩ መሠረት ከመሬት በላይ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ ጭቃ ቤት ከሥር በሚረጭ ውሃ ነው የሚያልቀው።

ለ4 በ5 ሜትር ቤት በግማሽ ግማሽ ሜትር ርቀት 40 ያህል ቋሚ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ቅርፊቱ የተላጠና የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምስማሩም ይላላል። መሬት የሚገባውን ጫፍ ለምስጥ ብላችሁ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት።

አሁን ወደ ጭቃው። ግድግዳው 2.4 ሜትር ከፍታና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ወደ 6 ሜትር ኩብ ይበላል። አፈር ከመግዛትህ በፊት ጥቂቱን አርጥበህ የጡጫ ያህል አድቦልቡልና ጥላ ላይ አድርቀው። ከተሰነጠቀ ሸክላው በዝቷልና አሸዋና ጭድ ጨምር። ሲነካ ከተፈረፈረ ሌላ አፈር ፈልግ። ጭዱ ተነስንሶበት፣ ውሃ እየጠጣ፣ በየቀኑ እየተረገጠ ሳምንት ያህል መሰንበት አለበት። ስለዚህ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት እዚህ ሰው ቀጥራችሁ ይቡካ፤ አለዚያ ሃያ ሰው አካፋ ይዞ ጉድጓድ ዙሪያ ይቆማል። የመጀመሪያው ምርግ ሲደርቅ መሰነጣጠቁ አያስደንግጣችሁ፣ ልስኑን የሚይዘው እሱ ነው። ሳይደርቅ ከለሰናችሁት ግን ልስኑ ይረግፋል። በበጋም ቢሆን ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ የአሥር ቀን ጉዞ ቤት አይጨርስም ማለት ነው። ወይ ሁለተኛ ቡድን በየካቲት ይምጣ፣ ወይ ለልስኑ የሠፈሩን ሴቶች ክፈሉ። እኔን ከጠየቅኸኝ ሁለተኛው ይሻላል፤ በተነፋ አፈር፣ በደቃቅ ጭድና በእበት መለሰን ያውቁበታል።

ጣሪያው ከምርጉ ይቅደም። የግማሽ ሜትር ክፈፍ ጨምራችሁ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ 24 ይበቃል። ምስማሩ ጎማ ያለው ሆኖ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታ፤ ስርጉዱ ላይ ከተመታ ያፈሳል። ማዕዘንና ጣሪያ ለአናጢ ይተው። የእናንተ ልጆች ውሃ ይቅዱ፣ ጭቃ ይርገጡ፣ ይምረጉ። ውሃ እዚህ በፈረቃ ስለሚመጣ ባለ 200 ሊትር በርሜል አራት አምስት ተከራዩ።

የበሩን አቅጣጫና የመደቡን ቦታ እናትየዋ ይምረጡ። የትኛው ሠፈር እንደሆኑ ቶሎ ጻፍልኝ፤ አፈሩን አይቼ የቁሳቁሱን ዋጋ ከቅዳሜ ገበያ ጠይቄ እልክልሃለሁ።

ወንድምህ፣ ከጎንደር