«አብሽር» ፕሮጀክተር አያበራም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበታችሁ

ወሎ ውስጥ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ አማርኛ አስተምራለሁ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅርብኝ ነገ ቢሮ መግባት አለብኝ። የኮምፒውተር ነገር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ 2014ቱ ጦርነት ነው፣ እውነት ነው ደሴም ኮምቦልቻም ወልዲያም ብዙ ዕቃ ተዘርፏል። ግን ከዚያ ወዲህ የገባውንስ ማን ነው የሚያየው?

ባለፈው ወር ክላስ ገብቼ ላፕቶፔን ላገናኝ ስል የፕሮጀክተሩ ገመድ ቪጂኤ (የድሮው ዓይነት መሰኪያ)፣ የኔ ላፕቶፕ ያለው ኤችዲኤምአይ (አዲሱ) ብቻ። ዲፓርትመንቱ ያለው ኮንቨርተር አንድ ነው እሱም በፊርማ ነው የሚወጣው፣ የፈረመው ባልደረባዬ ደግሞ አዲስ አበባ ሄዷል። አይሲቲ፣ ማለት የኮምፒውተርና የኔትወርክ ክፍሉ ጋ ስደውል «አብሽር፣ መጣን» አሉኝ። መቼም የወሎ ሰው አብሽር ካለህ ልብህ ይረጋል፣ እኔም ረጋ ብዬ ስጠብቅ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ልጆቹን አልወቅስም፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ እነሱ፣ የሬጅስትራር ሲስተም ሲቆም እነሱ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ስለሆነ ፈተናው ሲደርስ ሁሉም ላብ ውስጥ ይከተታሉ፣ ያኔ የአስተማሪ ስልክ ማን ያነሳል።

የኛ ክፍል ችግር ግን ለብቻው ነው። የድሮ ተመራቂዎች ጥናት ፋይሉ የተጻፈው በድሮዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ነው፣ እነዚህ ፎንቶች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ስለሆነ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍተው የሰውየው የሁለት ዓመት ልፋት ዝም ብሎ ምልክት ብቻ ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ፕሮግራምም አለ፣ ቁጭ ብሎ የሚቀይርልን ሰው ነው የጠፋው። ጭራሽ ኮምፒውተሩ ቫይረስ ያዘው ብለው ፎርማት ሲያደርጉት ያለችውም ፎንት አብራ ትሄዳለች። አንዴ ይሄንኑ ለአንዱ ባለሙያ ባስረዳው «ፒዲኤፍ አድርገው» አለኝ፣ አደረግኩት፣ አሁን በፒዲኤፍ የማይነበብ ፋይል አለኝ።

ጂኦግራፊዎቹ በጂአይኤስ (በካርታ መሥሪያው ሶፍትዌር)፣ ስታትስቲክሶቹ በክራክ (ያለ ፈቃድ በተከፈተ) ሶፍትዌር የየራሳቸውን ያለቅሳሉ፣ የነሱን ለነሱ ልተወው።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ከማዕከል የሚላክ ሳይሆን በየኮሌጁ አንድ ቴክኒሻን ይቀመጥልን፣ እዛው የሚውል፣ የኛን ፎንት ከነሱ ካርታ ለይቶ የሚያውቅ። ዕቃ ሲገዛም ስፔሲፊኬሽኑ ከመውጣቱ በፊት ለዲፓርትመንቱ ይታይ፣ ገመዱ ከላፕቶፓችን ጋር ይገጥም አይገጥም እኛ እንናገር ነበር እኮ፣ የጠየቀን የለም እንጂ።

እስከዚያው ግን ኮንቨርተሩን የወሰድክ ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብክ ሰኞ ጠዋት ክላስ አለኝ።

አንድ መምህር፣ ከወሎ